አርባ አረንጓዴ ካርድ

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር የሚጡ አባት ዓይኑን ከእጇ አልነቀለም። የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ይህቺ ሴት ፈገግታ ታበዛለች፤ ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪም ፈገግታ ያበዛል።

ለምን እንዳስጠራችው ያወቀ መስሎታል። ሚስቱ ጓዟን ጠቅልላ ከወጣች ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቷን ልታስታምም ሄዳለች» ብሏል። እውነቱ አማቱ ጆሮ ከገባ ግን ልጅቷን ልውሰድ ማለቷ አይቀርም። ከሚጡ ሌላ ደግሞ ማን አለው?

«ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ስሜታቸውን በካርድ ይነግሩናል» አለች አማካሪዋ። «አረንጓዴ ደህና ነኝ፣ ቢጫ ከፍቶኛል፣ ቀይ እርዱኝ ነው።»

«እኔ የላክኋት ሂሳብ እንድትማር መስሎኝ።»

«ሂሳቡንም ጎበዝ ናት። ይኸው የሁለት ወሯ።»

አርባ ካርድ፤ አርባውም አረንጓዴ። ሆዱ ቅቤ ጠጣ። የካርዱን ነገር የሰማ ዕለት ልጁን አስቀምጦ መክሯት ነበር፤ «አረንጓዴ ብቻ ታነሻለሽ። የቤት ገመና ለባዳ አይነገርም።» ሰምታኛለች አለ በልቡ።

«ታዲያ ደህና ከሆነች እኔን ከሥራዬ ምን አስጠራኝ?»

«አረንጓዴው ነው ያስጠራዎት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት የክፍሉ በር ጣቷን ይዞት ጥፍሯ ተነቀለ። ሌላ ልጅ ቢሆን ጩኸቱ ሰፈር ይሰማ ነበር። እሷ ደሟን እያንጠባጠበች ሄዳ አረንጓዴ አነሳች።» አማካሪዋ አሁን ፈገግ አላለችም። «አርባ ቀን ሙሉ ደህና የሚሆን ልጅ አይቼ አላውቅም።»

የጣቷን ፋሻ አይቶት ነበር። «ምንም አልሆንኩም አባዬ» ስትለው አምኗት፣ እራቱን በልቶ ተኝቷል። አፈረ። ወዲያው ደግሞ ጠረጠረ። ይህቺን ሴት አማቱ ልካት ቢሆንስ? ይህ ሁሉ ገመናውን ሊያወጣጡት ቢሆንስ?

በሩ ተንኳኳ። ሚጡ ከክፍል ተጠርታ ገባች።

«ነይ የኔ ቆንጆ» አለቻት አማካሪዋ። «ዛሬ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አለች ልጅቷ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ፣ በትክክል መልሳ እንደሆነ እስኪነግራት ቆማ ጠበቀች።