የመሪጌታ አፈወርቅ ክታብ

መሪጌታ አፈወርቅ ሽቦ ያለበት ነገር አይወዱም። ሚስታቸው ስልክ ሲያወሩ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ልጃቸው ማዕረግ ዋሻቸው።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ ሰባት ነው። ማዕረግ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር እናቱ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ መንዝ፣ ከዘመሮ ከተማ አጠገብ ካለው ቀያቸው ደወሉለት። «አባትህ ጓሮ ወድቀው ነበር። አሁን ደህና ናቸው። አንተ ትምህርትህን ተማር» አሉት።

ለፋሲካ ሲመጣ አባቱን ጠየቃቸው። «እኔ? የት ወደቅሁ?» ብለው ሳቁ። እናቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ማዕረግ አልተከራከረም፤ የመንዝ ሽማግሌ ወደቅሁ ከሚል ርስቱን ቢለቅ ይመርጣል። ከሁለት አንዳቸው ቢታመሙ ትምህርቱን ጥሎ እንደሚመጣ ብቻ ነገራቸውና ሄደ።

የመመረቂያ ሥራውንም በዚሁ ላይ አደረገው። ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ሠራ። ያንጠለጠለው ሰው ሲወድቅ መሣሪያው ያውቃል፤ ጥፍር በምታህል አንቴና ቤት ላለ ሣጥን ይነግራል፤ ሣጥኑም ለማዕረግ ስልክ «የወደቀ ሰው አለ» የሚል መልእክት ይልካል። ባትሪው ሽቦ አይሰካበትም። ማዕረግ የመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ አባቱ ሳያዩ የወላጆቹ ትራስ ውስጥ ሰፋውና ጣሪያው ላይ ካለው ሶላር ጋር አገናኘው። መሣሪያውን ያንጠለጠለ ሰው ትራሱ ላይ ሲተኛ ኃይሉ ያለ ሽቦ ይሻገራል፤ ሣጥኑም ጠዋት ጠዋት የባትሪውን ልክ ለማዕረግ ስልክ ይልካል።

የቀረው አባቱን ማሳመን ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአንቴናው ይከብዳል። ማዕረግ መሣሪያውን በቀይ ቆዳ አሰፍቶ ክታብ አስመሰለውና በጥቅምት ይዞት መጣ። ግሼ ካሉ መነኩሴ ያገኘው መሆኑን፣ እንደማይከፈትና ከአንገት እንደማይወልቅ ነገራቸው።

መሪጌታ ክታብ ያሰረ ሰው ሲያዩ ተግሣጽ አያልቅባቸውም። ማዕረግ ለክርክር ወገቡን ታጥቆ ነበር። እሳቸው ግን ቆዳውን አገላብጠው አዩት።

«ለሚወድቅ ሰው ነው አልከኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉና ኪሳቸው ከተቱት። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ማዕረግ በውሸቱ አፈረ፤ ደስም አለው።

እስከ ሰኔ ድረስ ሁሉም አማን ነበር። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ መልእክቱ መጣ። ማዕረግ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰ። ለእናቱ ቢደውልላቸው አያነሡም። ጎረቤታቸውን አቶ ወዳጆን ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አስሮጣቸው። መሪጌታ ዜማ እያስተማሩ ነበር። ወድቀው እንደሆነ ሲጠየቁ ተቆጡ።

በአሥረኛው ቀን መልእክቱ ደገመ። አቶ ወዳጆ አሁንም ሮጡ። መሪጌታ ከካህናቱ ጋር ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ። አቶ ወዳጆ ተመልሰው ደውለው የሆዳቸውን ተናገሩ። «ስማ አንተ ልጅ፣ በዚህ ዝናብ እኔም እናትህም በጭቃ ተለውሰናል፤ ከሰፈሩ ንጹሕ አባትህ ብቻ ናቸው። ሁለተኛ እንዳትልከኝ!»

እናቱም ቆይተው ደወሉ። አባቱ ደህና መሆናቸውን፣ እሱም ደህና እንዲሆን ነገሩት። ድምፃቸው ደከም ያለ ነበር፤ የመንዝ ክረምት ለማንም አይመችም።

አማካሪው መምህር ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እርጥብ ቆዳ፣ እርጥብ በርኖስ፣ ከሥር ደግሞ የሰው ገላ፤ አንቴናው ተምታቶበታል አሉ። ባትሪው ግን ጠዋት ጠዋት ሙሉ ነው፤ ለትራሱ አመሰገኑት። ሥራው ነሐሴ ሃያ ይቀርባል። አንድ የሐሰት ጥሪ ከተጨመረ እንደማይፈርሙለት ነገሩት። የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ መልእክት ላይ ተንጠለጠለ።

ነሐሴ ባተ፤ ፍልሰታ ገባ። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባለች ጎጆ ሱባኤ ያዙ። በጾሙ ሙሉ እዚያው ያድራሉ። ባትሪው ጠዋት ጠዋት ሙሉ ነው። ማዕረግ ግን ከአንቴናው ጋር ተጣልቶ ስለነበር የባትሪውን ነገር አላሰበበትም። መሣሪያውን አምጥቶ አንቴናውን ሊቀይር ተነሣ።

ነሐሴ አሥር ቀን ዘመሮ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ገሰገሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታቸው ይቀድማል። አባቱን ጎጆዋ ደጃፍ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አገኛቸው። ጉልበት ስሞ ቀና ሳይል ስልኩ ጮኸ።

«የወደቀ ሰው አለ» ይላል።

ማዕረግ መልእክቱን አየ፤ አባቱን አየ። እንደ ጽድ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ግን እንባ እንባ ይለዋል። አለቀ፤ ሦስተኛው የሐሰት ጥሪ ነው። ከዚህ ወዲያ መዋሸቱ ምን ይረባል ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው፦ ክታቡ ክታብ አለመሆኑን፣ መነኩሴ የሚባል አለመኖሩን፣ ያንጠለጠለው ሰው ሲወድቅ ለዚህ ስልክ እንዲናገር የሠራው መሣሪያ መሆኑን።

«ይኸው፣ እርስዎ ፊቴ ቆመው ወደቀ ይለኛል። በእርስዎ አይፈረድም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው።

ቁጣ ጠብቆ ነበር። መሪጌታ ግን ስልኩን ተቀብለው ትኩር ብለው አዩት። በሕይወታቸው ስልክ ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው።

«ወደቀ የሚለው አሁን ነው?»

«አሁን፣ አባባ።»

መቋሚያው ከእጃቸው ወደቀ።

«እኔማ ያመጣህልኝ ዕለት ለእናትህ ነው ያሰርኩላት።»