የቡሬ ሣጥን

ቡችላዬ ቡሬ ዛሬም ጠዋት ለምን ጮኸብኝ? የሣጥኑን በር ስከፍትለት ወደ ጥግ ሸሸና እንደ ሌባ አየኝ።

በሕንጻችን ቡችላ ማሳደግ የሚፈቀደው በዚህ ሣጥን ብቻ ነው። ማታ ማታ ያስገቡታል፤ ሲነጋ ውጭ መጸዳዳትን ተምሮ ይወጣል። ወለል ያበላሸ ቡችላ በሕንጻው ኮሚቴ ይወሰዳል። ቡሬ አንድ ቀን እንኳ ወለል አላረጠበም። ግን ሣጥኑ መጥፎ ልማዱን ከአእምሮው ሲያጠፋ እኔንም አብሮ እንደሚያጠፋ ማንም አልነገረኝም። ባሕር ማዶ የተማርኩት የእንስሳት ጠባይ ነበር። ይህን አልተማርኩም። ወይስ ተምሬ ረስቼዋለሁ?

ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ በራፌ ላይ ቆመው ሳቁ።

«አንቺ፣ ዛሬም ከውሻሽ ጋር ልትተዋወቂ ነው?»

«ምን ላድርግ እትዬ?»

«ቂጣ ብብትሽ ውስጥ አቆይተሽ አብዪው። ሽታሽን የበላ ውሻ አይረሳሽም። ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲያስተምሩሽ ነበር?»

እያፈርኩም ቢሆን አደረግኩት። ቡሬ ቂጣውን በላ፤ ቀኑን ሙሉ እግር እግሬን ሲከተለኝ ዋለ። ሲመሽ ሣጥኑ ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ ተከፈተ። ቡሬ እንደ ለመደው ወደ ውስጥ ገባ፤ ዞሮም ጅራቱን ወዘወዘልኝ። በሩን ለመዝጋት እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ አቅፌ አወጣሁት።

ለሕንጻው ኮሚቴ መልእክት ላክሁ፦ «ቡሬ ዛሬ ከአልጋዬ ሥር ያድራል። ወለሉን ቢያበላሽ እኔው አጸዳለሁ። እባካችሁ አትውሰዱብኝ።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኬ አሳየኝ። የሣጥኑን በር ዘግቼ ቡሬን ከአልጋዬ ሥር አስተኛሁት።