ሦስት ሳምንት የጠፋው ተጫዋች

«ይሄ ስም እዚህ ምን ይሠራል?!»

ኤልሮይ ቲድሞር ስልኩን ፀጉር አስተካካዩ አፍንጫ ስር ደቀነው...

«አትንቀሳቀስ፣ ጆሮህን እቆርጠዋለሁ!» አለው ኦዴል ማሽኑን ወደ ላይ አንስቶ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አላባማ፣ አንዲት ትንሽ የኮሌጅ ከተማ።

የዌስትበርን ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አሰልጣኝ የጸደይ ልምምዱን ጨርሶ የመጪውን ዓመት የተጫዋቾች ዝርዝር ለቋል። በዚያች ከተማ ያ ዝርዝር ከወጣ ሌላ ወሬ የለም...

«በግራ በኩል ያለን አንድ ሰው ብቻ ነው!» አለ ኤልሮይ። «እሱ ጉልበቱን ቢጎዳ የኳስ ወርዋሪያችንን ጀርባ ማን ሊጠብቅ ነው? እኔ?»

«ሁለተኛ ላይ ጃሪየስ ሆብሰን አለ አይደል?» አለ ተራውን የሚጠብቀው ዌንደል።

«ጃሪየስ! አምና ልምምዱን አቋርጦ ሦስት ሳምንት የጠፋው? ቦታውን በገዛ እጁ አስረክቦ ተጠባባቂ የሆነው? አሰልጣኙ ‹የግል ጉዳይ ነው› አለ... የሃያ ዓመት ልጅ ምን የግል ጉዳይ አለው? ሴት ነቻ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ኤልሮይ ግን አልሳቀም። እግሩ ወለሉን ይደበድባል... በየደቂቃው ስልኩን ያያል...

ያቁነጠነጠው ኳሱ ብቻ አልነበረም።

ባለቤቱ ግሌንዳ የደም ካንሰር ይዟት ነበር። ዘመድ ሁሉ ተመርምሮ መቅኒው የሚገጥምላት ሰው ጠፋ። ተስፋ ቆርጠው ሳለ አንድ የማያውቁት ሰው መቅኒውን ሰጣት።

ዳነች።

ሰጪው ማን እንደሆነ ግን ዓመት እስኪሞላ አይነገርም። ዓመቱ ሞላ። ሆስፒታሉ «ሰውዬው ከተስማማ ስሙን እንልካለን» ካለ አራተኛ ቀኑ ነው... ኤልሮይ በአራቱም ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ጭንቀቱን የሚያራግፍበት ሲያጣ፣ ልጁ ላይ አራገፈው።

በቅጽል ስም የሚጽፍበት የደጋፊዎች ገጽ አለ። አርባ ሺህ ሰው ይከተለዋል። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ጻፈ...

«ጃሪየስ ሆብሰን ቡድኑን ከድቶ የጠፋ ሰነፍ ነው። የነጻ ትምህርቱን ለሚገባው ልጅ ይልቀቅ!»

አስተያየቱ ጎረፈ። «ልክ ብለሃል!» «ያባርሩልን!»

ስልኩ ጠራ። ግሌንዳ ናት።

«ኤልሮይ... ላኩልን! ስሙን ላኩልን!» እያለቀሰች ነው። «ልጅ እኮ ነው! ሃያ ዓመቱ ነው። እዚሁ ዌስትበርን ነው የሚማረው... ስንቴ በአጠገቡ አልፌ ይሆን!»

«ማን... ማን ይባላል?»

«ጃሪየስ ሆብሰን። ታውቀዋለህ እንዴ?»

ኤልሮይ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረ።

ሦስቱ ሳምንት... ልጁ መቅኒውን የሰጠበትና ያገገመበት ጊዜ ነበር!

ጽሑፉን አጠፋው። ግን ምን ዋጋ አለው? ሰዉ ፎቶ አንስቶ እየተቀባበለው ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጃሪየስ፣ ግሌንዳ ጋብዛው፣ ለምሳ መጣ። በሩን ሞላው። ግሌንዳ ደረቱ ላይ ተለጥፋ አለቀሰች።

ዶሮ ተጠብሷል፣ የበቆሎ ዳቦው ትኩስ ነው... ኤልሮይ ግን መቀመጥ አቃተው። ጨው ጠረጴዛው ላይ እያለ ጨው ሊያመጣ ወጥ ቤት ይሄዳል። ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል...

በመጨረሻ ቆሞ እንዳለ ተናገረ።

«ልጄ... ትናንት ስለ አንተ የተጻፈውን አይተሃል?»

«አይቻለሁ ጌታዬ። እናቴ ናት የላከችልኝ። አስተያየቱን አንድ በአንድ እያነበበች ስታለቅስ ነው ያደረችው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የግሌንዳ ሹካ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልክ ኤልሮይ?»

ልጁ ሹካውን አስቀመጠ...

«ያኔ ‹ከሄድክ ቦታህን ልታጣ ትችላለህ› ተብዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እውነቱን ልንገርዎት... እምቢ ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ሰነፍ ያሉኝ ምንም አይደለም። ‹ከዳ› ያሉት ነው ያመመኝ። ብቀር ነበር የምከዳው... እሳቸውን።»

ግሌንዳን አያት።

«ይቅር በለኝ» አለ ኤልሮይ።

«እኔን ይተዉኝ። እናቴን ይቅርታ ይጠይቋት።»

ሰኞ ጠዋት ኤልሮይ የሦስት ሰዓት መንገድ ነድቶ የልጁ እናት ደጃፍ ቆመ። ይግቡ አላለችውም። እጇን አጣምራ እስኪጨርስ ሰማችው...

«ልጄን ሲሰድቡት በድብቅ ስም ነበር» አለችው። «አሁን በራስዎ ስም ይጻፉት።»

በሩን ዘጋችው።

መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጻፈው። በሙሉ ስሙ። ምንም ሳያስቀር...

ሰዉ ሰደበው። አንዳንዱ አመሰገነው። አንዱማ «ልጁስ ጀግና ነው... ግን በግራ በኩል አሁንም ሰው ያንሰናል!» ብሎ ጻፈ።

መስከረም መጣ። የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ጃሪየስ ሜዳ አልገባም። ተጠባባቂ እንደሆነ ጨዋታው አለቀ።

ስለ ኳስ ምንም የማታውቀው ግሌንዳ ግን ከእናቱ ጎን ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ተጠባባቂዎቹን ብቻ ስታይ ዋለች...

ኤልሮይ ከኋላቸው ነበር። እናትየው ዞር ብላ አላየችውም። እሱም አልተቀየማትም።

ወዳጆቼ... ሰው ለምን እንደጠፋ ሳናውቅ ምክንያቱን እኛው እንፈጥርለታለን። የምንፈጥረው ደግሞ ሁልጊዜ መጥፎውን ነው። ስድቡን ማጥፋት ይቻላል፤ ያነበበችውን እናት እንቅልፍ ግን ማን ይመልሳል?

እናንተ በኤልሮይ ቦታ ብትሆኑ... ማንም እንደማያውቅባችሁ እያወቃችሁ ልጁ ፊት ቆማችሁ «እኔ ነኝ» ትሉ ነበር? ወይስ አጥፍታችሁ ዝም? እውነቱን ብቻ ጻፉልኝ 👇