ከሳፋው ዳር የተጠረገው ቅባት

"እስኪ እውነቱን ንገሪኝ... ይኼን ቅባት የገዛ እናትሽን ትቀቢያታለሽ?"

ጠያቂው አያ በላቸው ናቸው። ከወንጌላዊት ሱቅ ጎን መድኃኒት ቤት ያላቸው ሽማግሌ...

ወንጌላዊት ሳቀች።

"ምን ማለትዎ ነው አያ በላቸው? ቅቤውን የምታመጣው እናቴ አይደለችም እንዴ!"

"እኔ መች ስለ ቅቤው ጠየቅሁሽ?" አሉና ወጡ።

የጠየቋት ምን እንደሆነ ደግሞ አሳምራ ታውቃለች...

ነገሩ እንዲህ ነው ወገኖቼ። ወንጌላዊት ጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ" የሚል የፊት ቅባት ትሸጣለች። ከእናቷ አገር ከኮሶዬ የመጣ ቅቤ፣ እሬት፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ። ሲጀመር እውነትም ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ግን ማን ይግዛት?

"ሽታው ሸጋ ነው፣ ለውጥ ግን የለውም" እያሉ አንዴ የገዙት ሁሉ ቀሩ።

እኛም እኮ ጉዶች ነን! ተፈጥሯዊ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን እንላለን... በሳምንት ፊታችን ካልቀላ ደግሞ "አይሠራም" ብለን እንወረውረዋለን።

አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ስም የሌለው ነጭ ዱቄት አመጣላት። "ቆንጠር አድርጊበት፣ ከዚያ ታዪዋለሽ" አላት።

ቆንጠር አደረገችበት... በሁለት ሳምንት ሱቁ መቆሚያ ጠፋበት።

አያ በላቸው ዱቄቱን ያዩት ጊዜ ክው አሉ። "አንቺ ልጅ! እንዲህ ያለው ዱቄት ሜርኩሪ አለበት። በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጨርሳል!"

"ኧረ ትንሽ እኮ ናት..." አለች።

እናቷ እማማ አስናቀች ስለ ዱቄቱ የሚያውቁት ነገር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤያቸውን በቅል ይዘው ከኮሶዬ በሚኒባስ ይመጣሉ፣ ለልጃቸው ያነጥሩላታል፣ ይመለሳሉ።

አንዴ ወንጌላዊት እናቷን ሲያነጥሩ ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። አንዱ ከሥር ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው?

"የእናቷ ፊት በፀሐይ ከስሎ እኛን ልታስውብ ነው እንዴ?"

ቪዲዮውን አጠፋችው። ከዚያ ወዲያ የእናቷን እጅ ብቻ ነው የምትቀርጸው። ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም።

ብቻ አዲስ አመል አወጡ... ቅባቱ ተዋሕዶ ሲያልቅ "ሳፋውን እኔ ልጠበው፣ አንቺ እረፊ" ይላሉ።

ወራት አለፉ።

"ምነው እማ፣ ፊትሽ ፈካ አለሳ?"

"አንቺን ቅዳሜ ቅዳሜ እያየሁ ለምን አይፈካ!"

ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ... ፊታቸው አበጠ... እግራቸው ጫማ አልገባ አለው።

አገሬው "የሰው ዓይን ነው" አለ። ጠበል ተወሰዱ። ሲብስባቸው ጎንደር ሆስፒታል ገቡ።

"የሚቀቡት ነገር አለ እናቴ?" አላቸው ሐኪሙ።

"ከገዛ ላሜ ቅቤ በቀር ምን ተቀብቼ!"

ወንጌላዊትም ቀበል አድርጋ "እናቴ ክሬም የሚባል አታውቅም" አለች። አፏን ሞልታ!

በማግሥቱ ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠራት። "ሁለቱም ኩላሊቶች ከሥራ ውጭ ሆነዋል። እጥበት እንጀምራለን... ግን ብዙ ዘግይታችኋል።"

እንባዋን ጠርጋ ስትመለስ እናቷ "ያቺን ትንሿን ቅሌን ከቦርሳዬ አቀብይኝ፣ ፊቴ ደርቆ አስቸገረኝ" አሏት።

ቅሏን ከፈተችው...

የቅቤ ሽታ ብቻ አልነበረም። እሬቱ፣ ማሩ፣ ጥቁር አዝሙዱ... የገዛ እጇ ሥራ!

"እማ... ይኼን ከየት አመጣሽው?"

እማማ አስናቀች አፈሩ። ሲሰርቁ የተያዙ ይመስል አንገታቸውን ደፉ።

"ይቅር በይኝ ልጄ፣ ሳልነግርሽ ነው። ሳፋውን ሳጥብ ከዳር ከዳሩ የቀረውን እየጠረግሁ እወስድ ነበር። የለፋሁበት ቅቤ በውኃ ሲሄድ አንጀቴ አልችል አለ።"

"ፊትሽን... ፊትሽን ብቻ ነው የተቀባሽው?"

"ቅቤ አይደል እንዴ? ራሴንም ገላዬንም ነው እንጂ! በእኛ አገር ቅቤ በጣት ጫፍ ይቀባል?"

"ለምን እማ? ለምን?"

እናት ፊታቸውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ።

"እጄን ብቻ ማንሳት ስትጀምሪ ገባኝ... ፊቴ ገበያሽን እንዳያበላሽብሽ ብዬ ነው። አሁን ፈካ ብሏል አይደል? ሲሻለኝ ፊቴንም ታነሺኝ ይሆናል።"

ወንጌላዊት ቅሏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ በሩ ሄደች። ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ ተከተላት...

"ወንጌልዬ... ለዚያች ለጥቂቷ ቅባት ነው የተቀየምሽኝ?"

😢

ሱቁ ተዘግቷል። ግን ምን ዋጋ አለው? ወንጌላዊት ለደንበኞቿ አንድ በአንድ እየደወለች "በእመብርሃን፣ ጣሉት!" ትላለች። አንዳንዶቹ ምን እንደሚሏት ታውቃላችሁ? "ፊቴ ገና መቅላት ሲጀምር? አልጥልም!"

እማማ አስናቀች እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ናቸው፤ ልጃቸው የተቀየመቻቸው እየመሰላቸው። እሷም እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገረቻቸውም።

ወገኖቼ... "ተፈጥሯዊ" ብሎ መለጠፍ ማንም ይችላል። ውስጡ ምን ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን፣ ማን እንደሠራው የማይታወቀውን፣ በሳምንት አቀላለሁ የሚለውን ፊታችሁ አታድርሱት። ሻጩንም አያ በላቸው የጠየቁትን ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁ ዓይኑን እዩት።

እናንተ በወንጌላዊት ቦታ ብትሆኑስ... እናታችሁ ያን እውነት ሰምተው ይሙቱ ወይስ "ልጄ ተቀይማኛለች" እያሉ? እስኪ ከልባችሁ ጻፉልኝ... እኔ መልሱ ጠፍቶኛል።