ዲስኩ ላይ መጮህ

እህቴ የሟች ባሏን ኮምፒውተር ልትሸጠው ወደ ጥገና ሱቄ አመጣችው። ገዢ እንዳይከራከራት የዲስኩን ፍጥነት በፕሮግራም መለካት ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱን የሚያሳየው መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«አጠገቡ ሰው ከጮኸ ዲስኩ ይንቀጠቀጥና መስመሩ ይወርዳል» አልኳት።

«ባሌ ስንት ዓመት ሲጮህብኝ ኖረ! ዛሬ ተራዬ ነው» አለችና ጎንበስ ብላ «ዝም በል!» ብላ ጮኸችበት። መስመሩ ወርዶ ተመለሰ። እህቴ ከልቧ ሳቀች።

ሳቋ ሲያበቃ ሱቁ ጭር አለ። መስመሩ ግን እስከ ታች ወረደ። ተመለሰ፤ ደግሞ ወረደ። ጆሮዬን ወደ ዲስኩ አስጠጋሁ፤ ምንም አይሰማም።

ቀና ስል እህቴ እንደ ድሮዋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«እሺ፣ እሺ፤ አልሸጠውም» አለችው።