የሽንኩርቱ ሴል

«አየሽ ወይስ አላየሽም?» አለ የባዮሎጂ መምህሩ፣ አናቷ ላይ ቆሞ።

ልጅቷ በማይክሮስኮፑ እንደገና አጮለቀች። ክብ ብርሃን ብቻ ነው። መምህሩ ጠዋት የሽንኩርት ልጣጭ ስስ መስታወት ላይ ዘርግቶ፣ አዮዲን ጠብ አድርጎበት ነበር። ከእሷ በፊት የተሰለፉት ሁሉ «ኒውክለሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል ቲቸር!» እያሉ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

«ምንም የለም ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ላቧ በጀርባዋ ወረደ።

«አላበሽ አይደል? ሰውነትሽስ ሙቀቱን ማስተካከል ያውቅበታል፤ ጭንቅላትሽ ነው የማይሠራው! ሰው ሁሉ ያየውን አንቺ ብቻ እንዴት ሳታዪ ትቀሪያለሽ? ወላጅ ሳታመጪ እዚህ ክፍል ድርሽ እንዳትይ!»

«ታዲያ ያላየሁትን አየሁ ልበል?»

«ዞር በይ!» በክርኑ ገፍትሯት ጎንበስ አለና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ይኸው የሴሉ ግድግዳ! ይኸው ሳይቶፕላዝሙ! ኒውክለሱማ አፍጥጦ እያየኝ ነው!»

ጎንበስ እንዳለ፣ ከጋዋኑ የደረት ኪስ ያቺው ስስ መስታወት ሾልካ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። የሽንኩርቱ ልጣጭ ከነአዮዲኑ እንደተጣበቀባት ነው።