ማን ጠቆመብን?

ነርሷ በሬዲዮ የተናገረችው አጭር ነበር። «ሕፃናቱን የሚያሳምማቸው የሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ነው» አለች፤ በቃ።

ግን የምትመራው የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ነው። ሕጉ ደግሞ እንዲህ ላለ ድርጅት ማከምን እንጂ የመንግሥትን ሥራ መንቀፍን አይፈቅድም። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ማንም ተከሶበት አያውቅም፤ ሁሉም አፉን ዘግቶ ይኖር ነበርና። ጠበቃ ወንድሟ «ሕጉ ይሻር ብንል፣ የተጎዳበት ሰው ካልቀረበ ፍርድ ቤት አያየውም» እያለ ሲያማርር ዓመታት አልፈዋል።

ብዙም ሳይቆይ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። «ጥቆማ ደርሶን ነው» ብለው የክሊኒኩን በር አሸጉ።

«መቼም ከውጭ አልመጣም፤ ጉዱ ከመካከላችን ነው» አለች ፋርማሲስቷ።

ጥርጣሬው ሾፌሩ ላይ አረፈ። ዘበኛው በሩ ከመታሸጉ በፊት የክሊኒኩን መኪና ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ቆማ አይቷታል። ሾፌሩን አፋጠጡት።

«እኔ መኪና እነዳለሁ እንጂ ወሬ አልነዳም» አለ።

«ተዉት» አለች ነርሷ።

«እትዬ፣ የዋህነትዎ ነው የሚገድለን!» አለች ፋርማሲስቷ።

ነርሷ ከታሸገው በር ፊት ለፊት ጠረጴዛ አስወጥታ ዛፍ ሥር ማከም ጀመረች። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተሰለፉ።

ወንድሟ እየሮጠ መጣ። «እህቴ፣ ይቅርታ ከጠየቅሽ በሩን እንከፍታለን ብለዋል።»

«ይቅርታ? ለምኑ? ውሃው ጠራ እንዴ?»

«ፍርድ ቤት ቀርበን ብንሸነፍ እኮ ክሊኒኩ እስከ ወዲያኛው ይዘጋል። አንቺም ትታሰሪያለሽ!»

«አፌን ዘግቼ በሩን ከምከፍት፣ ተናግሬ ይዘጋ። አንተ ክርክርህን አዘጋጅ።»

ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ «ድርጅቱ የተፈቀደለት ማከም ብቻ ነው» ብሎ ተከራከረ። ነርሷ ተነሣች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሕፃኑን አክሜ ስሸኘው ቤቱ ገብቶ ያንኑ ውሃ ይጠጣል። ታዲያ ዝም ብዬ ማንን አዳንኩ?»

በውሳኔው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ፦ «ድርጅት ለበጎ ሥራ ስለተቋቋመ አፉ አይለጎምም። ክልከላው ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን ይጥሳልና ተሽሯል። የክሊኒኩም በር ይከፈት።»

እልልታው አዳራሹን አናወጠው። ሾፌሩ ጥግ ይዞ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል።

«የአዞ እንባ!» አለች ፋርማሲስቷ። «ነገ ይሄ ሰው ሲባረር ነው ደስታዬ የሚሞላው።»

«ሥራውን ነው የሠራው» አለች ነርሷ።

የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ካባውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ እነሱ መጣ። እጁን ለነርሷ ዘረጋላት።

«እትዬ» አለ አንገቱን እየነቀነቀ፣ «ራስዎን ሊጠቁሙ ቢሯችን የመጡ ዕለት እኮ ሞኝ መስለውኝ ነበር።»